ሊኑክስ ሚንት በአሮጌ ላፕቶፕ፣ ከሐዋሳ

ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው አሮጌ ነው። ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። እዚህ አቶቴ ያለ አንድ ጠጋኝ «አዲስ ግዛ» አለኝ። በዚህ ኑሮ! እኔ ግን በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ሊኑክስ ሚንትን፣ ቀለል ያለውን የኤክስኤፍሲኢ (Xfce) ዓይነት፣ በፍላሽ ጫንኩበት። ላፕቶፑ ነፍስ ዘራ።

በጣም የወደድኩት ሲጫን ኢሜይል አምጣ፣ አካውንት ክፈት አለማለቱን ነው። ስምና የይለፍ ቃል ብቻ ትሰጠዋለህ፣ እሱም እዛው ማሽንህ ላይ ይቀራል። ስንቱ ድርጅት የሰውን ጽሑፍና ፎቶ ለኤአይ ማሠልጠኛ በሚሰበስብበት ጊዜ ይሄ ለእኔ ከፍጥነቱም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ቤቴ ውስጥ ያለ ዕቃ ለእኔ እንጂ ለሌላ እንዲሠራ አልፈልግም።

የአማርኛ ኪቦርድ ከሴቲንግ ይጨመራል። እንደ ወርድ ሰነድ የሚሠራበት ሊብሬኦፊስ አብሮት ይመጣል፤ ግን በወርድ የተሠራ ሰነድ ሲከፈትበት ሠንጠረዡ ሊዛባ ስለሚችል የቢሮ ሥራ ያለው ሰው ያስብበት። ልትጭነው ካሰብክ ፋይልህን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጥ። ከዛ ሳትጭነው ከፍላሹ አስነስተህ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራቱን እይ። ሐዋሳ ያለህ ወዳጄ ከፈለግክ ፍቅር ሐይቅ ቡና እየጠጣን አብረን እንጭነዋለን።