የኋላ ፍሬን አሠርታችሁ ‹‹ሲሠራ ይለሰልሳል›› ከተባላችሁ ጣርማ በርን አትውረዱ

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላይ ቪትዝ፣ ኮሮላ ወይም ሌላ የኋላ ፍሬኑ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞር፣ ሸራው ከውስጡ እየተጫነ የሚይዘው ክብ ብረት) የሆነ መኪና ለምትነዱ ነው። በተለይ በጣርማ በር ቁልቁለት ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ለምትመላለሱ። ‹‹ሙሉ የኋላ ፍሬን ጥገና›› የሚባል የጥቅል ዋጋ አለ። ሸራው፣ ቶርኖው (የታምቡሩን ውስጥ በማሽን ልጦ ማስተካከሉ)፣ የእጅ ዋጋው፣ ሁሉም በአንድ ሒሳብ። ከሌላው ቀነስ ስለሚል ልብ ያማልላል። እኔም አሠራሁ።

መኪናው ከጋራዥ እንደወጣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከኋላ ‹‹ቋ›› ይላል። ለስለስ አድርጌ ስይዝ ደግሞ ያፏጫል። ተመልሼ ብነግረው መካኒኩ፣ ‹‹ጋሼ፣ ሸራው እኮ አዲስ ነው፤ ሲሠራ ይለሰልሳል›› አለኝ። አልለሰለሰም። እንደገና ስወስድለት ጎማውን አወለቀ፣ ነካ ነካ አደረገና መለሰው። ለዚህም ሒሳብ ተቀበለኝ። ጩኸቱ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ጉዱ የወጣው ሌላ መካኒክ ዘንድ ሳስከፍተው ነው። የሸራው ጠርዝ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። በጣት ሲነኩት ያዳልጣል። ሰውየው ሸራውን ግራሶ ቀብቶልኛል! ፍሬን የሚይዘው በሰበቃ ነው፤ ግራሶ የነካው ሸራ በምን ይያዝ? እንዲህ ያለውን ሸራ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መመለስም አይሠራም። የጠጣውን ሲሞቅ መልሶ ያወጣዋል። የግራና የቀኙ አራቱም ሸራ አንድ ላይ ይቀየራል። አንዱን ጎን ብቻ ከቀየራችሁ አንዱ ጎማ ይይዛል፣ ሌላው ይለግማል።

ነገሩ፣ ግራሶ ጨርሶ አይገባም ማለት አይደለም። ሸራው የተለጠፈበት ብረት ከኋላ ባለው ሳህን ላይ የሚንሸራተትባቸው ጥቂት እብጠቶች አሉ። ሙቀት የሚችል ግራሶ በጣም በስሱ የሚቀባው እነሱን ነው። እነሱ ደርቀው ከተገጠሙም ይንጫጫል። የኔዎቹ ደረቅ ነበሩ። ግራሶ የሚያስፈልገው ቦታ አጥቶ፣ የማያስፈልገው ቦታ ጠገበ።

አሁን ወደ ‹‹ቋ››ው ልምጣ። ታምቡር ቶርኖ ሲገባ ስለቱ በጥድፊያ ከተነዳ፣ ውስጡ ላይ የቡሎን ጥርስ የሚመስል መስመር ይቀራል። ፍሬን ሲያዝ ሸራው ያንን መስመር ተከትሎ ወደ ውጭ ይሳባል። ከዚያ ይለቅና ከሳህኑ ጋር ይላተማል። ድምፁ እሱ ነው። ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ታምቡሩ ሲወልቅ ጥፍራችሁን ከውስጥ ወደ ውጭ ጎተት አድርጉት። እየቆጠረ የሚሄድ ከሆነ ቶርኖው በደንብ አልተሠራም።

ቶርኖ ከተነሣ አይቀር፣ ታምቡሩ ላይ ከብረቱ ጋር አብሮ የወጣ ቁጥር አለ፤ ‹‹ማክስ›› ከሚለው ቃል አጠገብ። ከዚያ በላይ መስፋት የለበትም ማለት ነው። አዲሱ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ታምቡር አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻ ልኩ 201 ነው። ከዚያ ካለፈ ብረቱ ይሳሳል፣ ሙቀት አይችልም። ሸራውም ከታምቡሩ ክብ ጋር ስለማይገጥም መሃሉ ብቻ እየነካ ያፏጫል። ቶርኖ ቤት ልኩን ሲለካ አጠገቡ ቁሙ። ‹‹ትንሽ ብቻ ነው የበላው›› የሚለው ወሬ ሚሊ ሜትር አይሆንም።

ጥቅል ዋጋው ርካሽ የሆነበት ምክንያት ደግሞ ሞላው ነው። ሸራውን አዲስ አድርገው፣ ለዓመታት በሙቀት የደከመውን ሞላ መልሰው ይገጥሙታል። የደከመ ሞላ ሸራውን ወደ ቦታው ስለማይሰበስበው ፍሬን ሳትይዙም ይተሻሻል፣ ይሞቃል፣ ይሸታል።

አንድ ሌላ ተንኮል፣ ወይም ግዴለሽነት በሉት። ሸራው ሲያልቅ ክፍተቱን የሚያጠብ ባለ ጥርስ ማስተካከያ ያላቸው መኪኖች አሉ። የግራውና የቀኙ ጥርስ አዟዟር የተገላቢጦሽ ነው። አቀያይረው ከገጠሙት እያጠበበ መሄዱ ቀርቶ እያላላ ይሄዳል። ፔዳሉ ከቀን ወደ ቀን ወደ ታች ይወርድባችኋል። ያኔ አንዳንዱ የእጅ ፍሬኑን ገመድ ወጥሮ ‹‹ተስተካክሏል›› ይላል። አልተስተካከለም፣ ተሸፍኗል። ለማጣራት የኋላውን በክሪክ አስነሡና፣ የፊቱ ጎማ ታኮ ተደርጎበት፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ፣ ጎማውን በእጅ አዙሩት። ስስ መነካካት ከተሰማ ደህና ነው። ከከበደ ገመዱ ተወጥሮ ሊሆን ይችላል። በአንድ ዙር አንዴ ብቻ ‹‹ሽክ›› ካለ ደግሞ ታምቡሩ ክብነቱን ሳያጣ አይቀርም።

ሁሉም ድምፅ በሽታ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ ያደረ መኪና ጠዋት ከኋላ ትንሽ ያንኳርራል። ታምቡሩ ውስጥ በእርጥበት የያዘ ስስ ዝገት ነው፤ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። ካልጠፋ ወይም ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ከሆነ ግን መኪናውን አቁሙት። ፔዳሉ ሲለሰልስ ወይም ከጎማው ውስጠኛ ጎን እርጥበት ስታዩም እንዲሁ፤ የፍሬን ዘይት እየፈሰሰ ይሆናል።

ለምን ይህን ያህል እንደምጮህ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ካለፋችሁ በኋላ ቁልቁለቱና ጥምዝምዙ ፋታ አይሰጥም፤ ጉም ሲጨመርበትማ አይነገርም። በዝቅተኛ ማርሽ ብትወርዱም ፍሬኑ ይግላል። ታምቡር ሲግል ደግሞ ይሰፋና ከሸራው ይርቃል። ከመጠን በላይ ቶርኖ በበላው ታምቡርና ግራሶ በጠጣ ሸራ እዚያ መውረድ ምን እንደሆነ እናንተው አስቡት።

እንግዲህ ስታሠሩ ከመክፈላችሁ በፊት ታምቡሩ ፊታችሁ ይከፈት። አሮጌውን ሸራና ሞላ ተቀበሉ፤ ‹‹ጣልነው›› ካሉ ምናልባት አልተቀየረም። አቧራውን በአየር ሲነፉት ራቅ በሉ፣ አሮጌ ሸራ ላይ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ሒሳቡ ሸራ፣ ሞላ፣ ቶርኖ እየተባለ ተለይቶ ይጻፍ። ደረሰኝ ደግሞ መብታችሁ ነው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ያስቀመጠው ነው። እኔ ደረሰኙን፣ ግራሶ የጠጣውን ሸራና ከልኩ ያለፈውን ታምቡር ይዤ ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ አመልክቻለሁ። ጋራዡ የሁለተኛውን ዙር ሒሳብ ብቻ ልመልስ ብሏል። አልተቀበልኩም።