ፒያሳ፦ የቴሬዚን ሙዚቃ ምሽት፣ ምርጫው ግሩም፣ ስፒከሩ ግን ይስተካከል

ናዚዎች ያሳደዷቸውን አይሁድ አቀናባሪዎች ለማሰብ ፒያሳ ያለች አንዲት ካፌ ያዘጋጀችው የማዳመጫ ምሽት በምርጫው ይመሰገናል። ዋናው የጌዲዮን ክላይን ትሪዮ ነው፤ ለቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ። ክላይን፣ ናዚዎች አይሁዶችን ባጎሩበት በቴሬዚን ጌቶ (በዛሬዋ ቼክ) ውስጥ በጥቅምት 1944 (እ.ኤ.አ.) ጨርሶት፣ በቀናት ልዩነት ወደ አውሽዊትዝ የሞት ካምፕ ተጫነ። በሞራቪያ (የቼክ አካባቢ) የሕዝብ ዜማ ላይ የተሠራው መካከለኛው ክፍል ከሌሎቹ ሁለት ክፍሎች ይረዝማል፤ ዝግ ያለ ስለሆነ ትንሽ ጫጫታ ያበላሸዋል። ታዲያ የማኪያቶ ማሽኑን ያኔ ማስጮህ ምን ይባላል?

ስፒከሮቹ ጥግ ላይ ስለተለጠፉ ባሱ ያገሳል፣ ቪዮላዋም ትዋጣለች። ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ፈቀቅ ቢደረጉና ባሱ ቢቀነስ ይበቃል። እስከዚያው መሃል ላይ ያለው ጠረጴዛ ይሻላል። ቴሬዚን ውስጥ 55 ጊዜ የታየው የሃንስ ክራሳ የልጆች ኦፔራ፣ ብሩንዲባር፣ ከትሪዮው በፊት ቢቀርብ ይመረጣል።