ሴራሚክን ከብረት ለማያያዝ፦ ኢፖክሲ ይሻላል ወይስ የአልትራሳውንድ ካውያ?

ድሬዳዋ ላይ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው የብየዳ ካውያ አያጣም። ጣጣው ሴራሚክ ወይም መስታወት ላይ ሽቦ መበየድ ሲያስፈልግ ነው። ተራው ሊድ (ቀልጦ የሚያያይዘው የብየዳ ብረት) ይቀልጥና ድቡልቡል ብሎ ይንከባለላል። የብየዳ ፓስታ (ሊዱ እንዲይዝ የሚቀባ ማጽጃ) ቢቀቡትም ያው ነው።

አብዛኛው ሰው ኢፖክሲ ይገዛል። ክፉ ምርጫ አይደለም፤ ርካሽ ነው፣ ገበያም አይጠፋም። ለተሰበረ እጀታ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ። በድሬ ሙቀት ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ትንሽ ትንሽ በጥብጡ። ተራው ዓይነት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። አብዛኛው ደግሞ ወደ መቶ ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል።

የአልትራሳውንዱ ካውያ ሌላ ነገር ነው። ጫፉ ይግላል፣ እንደየሞዴሉ በሰከንድ ከ20 ሺህ እስከ 60 ሺህ ጊዜ ይርገበገባል። ይሄ በቀለጠው ሊድ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጥራል። አረፋዎቹ ሲፈነዱ ሊዱ እንዳይይዝ የሚከለክለውን የኦክሳይድ (ዝገት መሰል) ስስ ሽፋን ይፈነቅሉታል። ስለዚህ ፓስታ አያስፈልግም። አስቸጋሪውን አሉሚኒየምም ይይዛል።

ካውያው ብቻውን ግን ዋጋ የለውም። ሊዱ ከቲንና ከብር ሌላ ጥቂት ታይታኒየም ያለበት፣ ወይም ለመስታወትና ለሴራሚክ የተሠራ መሆን አለበት። የታይታኒየሙ በ220 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ሙቀት ለሚፈሩ ፒዞ ሴራሚኮች (ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ለሚርገበገቡት) ኢንዲየም የሚባለው ለስላሳ ብረት ይመረጣል፤ እሱ በ157 ይቀልጣል። እኔ ብሆን ካውያውን ሳልገዛ በፊት ሊዱን በየጊዜው ማን እንደሚያመጣልኝ አጣራለሁ። መብራቱም ስለሚዋዥቅ ስታቢላይዘር አብሮ ይታሰብ።

ሦስተኛው መንገድ በቫኪዩም ምድጃ ከ800 ዲግሪ በላይ መበየድ ነው። ለሰፈር ወርክሾፕ አይሆንም። መጋጠሚያው 200 ዲግሪ የሚያልፍ ሥራ ላይ የሚውል ከሆነ ግን ካውያው አያዋጣችሁም፤ ሥራውን ምድጃው ላለው መላክ ይሻላል።

ኢንተርኔት ላይ በአልትራሳውንድ ስም የሚሸጥ የፕላስቲክ መበየጃ አለ፤ እንዳትሸወዱ። ጫፉ የሚግል መሆኑን ጠይቁ። ሴራሚኩንና ብረቱን የምታሞቁበት ምጣድም ያስፈልጋችኋል። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ከአሉሚና ሴራሚክ ሦስት እጥፍ ያህል ይኮማተራል፤ ቀስ ብሎ ካልበረደ ሴራሚኩ ጠጭ ይላል።

ሻጩን ቁራጭ መስታወት ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ሲበርድ ገልብጣችሁ በመስታወቱ ጀርባ እዩት። እንደ መስተዋት ካበራ በደንብ ይዟል። ግራጫ ነጠብጣብ ካለው ሊዱ እዚያ ቦታ ላይ አልነካም፤ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት አንድ ጊዜ አስደግሙት።