የምሠራበት ፋብሪካ፣ ከአምስት ስንት?

ስሙን አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። ኮምቦልቻ ካሉት ትልልቅ ልብስ ስፌቶች አንዱ ነው ብላችሁ ያዙልኝ። በየቀኑ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረድኩ ነው የምሠራው። ሰርቪሱ ሰዓት ያከብራል። ደሞዝ አይዘገይም። ካንቲኑ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ አያጣም፤ ሽሮው ግን ቀጭን ነው።

ነጥብ የምቀንሰው "አካታችነት" በሚሉት ነገር ነው። አምና ሥልጠና ነበር፣ የሴቶች ኮሚቴ ነበር፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነበረች። ዘንድሮ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈና ሁሉም ቀረ። ለሥልጠናው አላዝንም፤ እውነቱን ለመናገር ግማሻችን እናንቀላፋ ነበር። የአስተርጓሚዋ ነገር ግን ያንገበግበኛል።

በምንሰፋበት መስመር፣ ላይናችን ላይ፣ መስማት የተሳናት ልጅ አለች። ኮሌታ ላይ የሚደርስባት የለም። በቀደም ጠዋት ሱፐርቫይዘሩ የኮሌታው ስፌት ልክ ተቀይሯል ብሎ በቃል ተናገረ። ለእሷ ማን ይንገራት? እስከ ምሳ በድሮው ልክ ሰፋች። የሰፋችው የኮሌታ እስር ሙሉው ተመለሰባት። ሰውየው ጆሮዋ ሥር ቆሞ ይጮኻል! እሷ ከንፈር ከንፈሩን እያየች ትተረትራለች፤ የተፈታው ክር ጭኗ ላይ ተከመረ። ታርጌቷም ቦነሷም በዚያው ሄደ።

ኤችአር፣ የሰው ኃይል ክፍል፣ ሄደን ስንጠይቅ "ውጭ ያሉትም እያቆሙት ነው" አሉን። ልክ ናቸው፤ የአሜሪካው የሱቅ ድርጅት ዋልማርት ኅዳር 2017፣ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ደግሞ ጥር 2017 ላይ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞቻቸውን እንደሚቀንሱ አስታውቀዋል። ግን የአሜሪካ ፖለቲካና ፍርድ ቤት ጣጣ እኛን ምን አገባን? እዚህ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ሥራውን እንዲያመቻች፣ ረዳትም እንዲመድብለት ይላል። ይህን ስናነሳ "እናያለን" ተባልን።

የረመዳኑን ነገር ማንም አልነካውም፤ ድሮም የአለቆቹ አልነበረማ። ማፍጠሪያ ሰዓት ሲደርስ እኛ ክርስቲያኖቹ የሙስሊሞቹን የሥራ ቦታ እንይዝላቸዋለን። የፋሲካ ዋዜማ ደግሞ እነሱ ይይዙልናል። "አብሽሪ፣ ሂጂ" ነው፤ ፎርም አይሞላበትም።

ከአምስት ሁለት ተኩል ሰጥቻለሁ። ግማሿ የሰርቪሱ ሹፌር ናት። መስማት የተሳነው እህት ወይ ወንድም ይዛችሁ ልታስቀጥሩ የምትመጡ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የጠዋቱን ስብሰባ ማን እንደሚያስተረጉም ጠይቁ። "እናያለን" ካሏችሁ በጽሑፍ አስይዙት።