ሥር የሌለው ሮማን ሸጡልኝ፤ ኮምቦልቻዎች ተጠንቀቁ

አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል። ክረምት ሲገባ አስፋልት ዳር ችግኝ ደርድረው የሚቆሙትን ታውቋቸዋላችሁ፤ ያበበውን ከፊት አስቀምጠው ውሃ ይረጩበታል፣ ሁሉም ነገር «የተዳቀለ» ነው፣ ሁሉም «በዓመቱ ያፈራል»። ከእነሱ ከአንዱ ለግቢዬ መግቢያ የሚሆን ሮማን በ900 ብር ገዛሁ። ቀይ አበባ ነበረበት፤ አንዲት ጫፏ ላይ ዘውድ የደፋች ትንሽ ፍሬም ይዟል። «አብሽሩ ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ውሃ ያጠጡት» አለኝ ልጁ።

ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ፍግ ከአፈር ቀላቅዬ ፕላስቲኩን በምላጭ ቀደድኩት። ሥር የያዘው አፈር ተያይዞ መውጣት ነበረበት፤ ይህ ግን እንደ ጤፍ ፈሰሰ። ግንዱ ብቻውን እጄ ላይ ቀረ። ገልብጬ ሳየው ታችኛው ጫፉ በመቀስ በሰያፍ የተቆረጠ ነው፣ ቁስሉ ገና እርጥብ። ከሰው ጓሮ ያበበ ቅርንጫፍ ቆርጠው አፈር ውስጥ ሰክተው ሸጡልኝ! ሮማን በቁራጭ እንደሚራባ አውቃለሁ፤ የሚራባው ግን ሥር እስኪያወጣ ሳምንታት ተጠብቆ እንጂ አበባና ፍሬ ተሸክሞ አይደለም። እንዲህ ያለው ያለችውን እርጥበት ጨርሶ ይደርቃል።

ቅርንጫፉንም አፈሩንም ይዤ ተመለስኩ። ጠዋት «እርስዎ» ሲለኝ የነበረው ልጅ «አንተ ነህ ሥሩን የበጠስከው» አለኝ። አፈሩን ፊቱ ዘረገፍኩለት፤ ከተበጠሰ የተበጠሰው የታል? ባለቤቱ ከስልኩ ቀና ሳይል «ደረሰኝ አለህ?» አለ። አስፋልት ዳር ደረሰኝ! ሁለቱም ሳቁ። ያናደደኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጁ ቅርንጫፉን ከእጄ ወሰደ፣ ባዶ ፕላስቲክ አንስቶ የዘረገፍኩትን አፈር ሞላበት፣ ዓይኔ እያየ መልሶ ሰካውና ውሃ ረጭቶ ከፊት ረድፍ አቆመው። ገንዘቤን አልመለሱልኝም፤ ሌላ ችግኝ እንኳ አልሰጡኝም።

ከመክፈላችሁ በፊት ግንዱን ይዛችሁ በቀስታ ሳብ አድርጉት፤ አፈሩ አብሮ ካልተነሳ ትታችሁ ሂዱ። በፕላስቲኩ የታች ቀዳዳ ሥር ይታይ እንደሆነም እዩ። ደሴ የምትወስዱት ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን አቀበት ከወጣ በኋላ ለ900 ብር ማን ተመልሶ ይወርዳል? እነሱም ይህንን ያውቃሉ።