ኳርተር ፓውንድ ፒካፕ፦ ቤዝ ጊታሬን ድሬዳዋ ቤቴ ውስጥ ያሻሻልኩበት ሥራና ውጤቱ

የምገመግመው ሲሞር ደንከን የሚያመርተውን፣ ላለፉት ሰባት ወራት በድሬዳዋና በሐረር ሠርጎች ላይ ስጫወትበት የቆየሁትን ኳርተር ፓውንድ የተባለ፣ ፕሪሲዥን ቤዝ ለሚባለው የቤዝ ጊታር ዓይነት የሚሆን ፒካፕ ነው። ፒካፕ የምለው ከክሮቹ ሥር ተቀምጦ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን፣ ከማግኔትና ከቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥቅል የተሠራውን ክፍል ነው። የገጠምኩት ራሴ፣ ሳቢያን በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ ነው። ዕቃው ገንዘቡን የሚያወጣ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሜ የሠራኋቸው ርካሽ ሥራዎች ባይኖሩ ኖሮ ይህን ማወቅ ባልቻልኩም ነበር፤ ስለዚህ ከእነሱ እጀምራለሁ።

ጊታሩ የፕሪሲዥን ቤዝ ቅርጽ ያለው፣ አገልግሎት ላይ ከቆየ በኋላ የገዛሁት ርካሽ ቅጂ ነው። የጊታር አምራቹ ፌንደር የመጀመሪያውን ፕሪሲዥን ቤዝ ያወጣው በ1951 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀው ለሁለት የተከፈለ ፒካፕ የመጣው በ1957 ነው። አንዱ ግማሽ ለሁለቱ ወፍራም ክሮች፣ ሌላው ለሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ያገለግላል፤ ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለተጠመጠሙና የማግኔቶቻቸውም ዋልታ ስለተገላበጠ ከመብራት መስመር የሚገባውን የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ እርስ በርሳቸው ያጠፋሉ። የእኔ ጊታር ይህ ሁሉ እያለው ያጉረመርም ነበር። ክሩን ስነካው ዝም ይላል፤ እጄን ሳነሳ ወዲያው ይመለሳል። ይህ ምልክት ጥፋቱ ከፒካፑ ይልቅ ከመከለያ፣ ማለትም ገመዶቹን ከውጭ ጉርምርምታ ከሚጋርድ ብረት፣ እጦት እንደሚመጣ ስለሚያሳይ፣ አዲስ ፒካፕ ብቻ መግጠም መፍትሔ አይሆነውም ነበር።

የፊቱን ፕላስቲክ ሽፋን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቼ ስከፍተው ገመዶቹ የተቀመጡበት ጉድጓድ ባዶ እንጨት ሆኖ አገኘሁት። ጉድጓዱንና የሽፋኑን ጀርባ በሚለጠፍ የመዳብ ቴፕ ለበጥኩት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ የቴፑ ሙጫ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ከሆነ ተደራርበው የተለጠፉት ቁራጮች ለዓይን አንድ ይምሰሉ እንጂ የተነጣጠሉ ናቸው። በቴስተር ከጥግ እስከ ጥግ እየለካሁ፣ ያልተገናኙትን በጠብታ ብየዳ አያያዝኩና ሁሉንም ከግራውንድ፣ ማለትም ከጊታሩ የጋራ የመሬት መስመር፣ ጋር አገናኘሁ። ጉርምርምታው በዚያው ምሽት ከሞላ ጎደል ጠፋ። ይህን የሚሠራ ሰው ግን አምፕሊፋየሩን የሚሰካበት ሶኬት ግራውንድ እንዳለው አስቀድሞ ያረጋግጥ። ክሮቹ ከግራውንድ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው፣ የተበላሸ አምፕሊፋየር ግራውንድ በሌለው ሶኬት ላይ ሲሰካ ኤሌክትሪኩ እስከ ተጫዋቹ እጅ ሊደርስ ይችላል። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ የሚንኳኳውን የድምፅ መቆጣጠሪያ በ250 ኪሎ ኦም፣ የድምፁን ብሩህነት የሚያስተካክለውን የቶኑንም እንዲሁ፣ ቀጫጭን ድምፆችን ከሚቀንሰው ባለ 0.047 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ጋር ቀየርኩ። በመጀመሪያው ቀን የተጠቀምኩበት የብየዳ ካውያ 25 ዋት ብቻ ስለነበር የመቆጣጠሪያው ብረት ጀርባ ሙቀቱን እየጠጣ አስቸገረኝ፤ ብየዳው ደንዝዞ ግራጫ ሆነ፤ በጥፍሬ ብጫነው ተነሳ። በማግስቱ 60 ዋት ካውያ ተውሼ፣ ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ደግሜ ስሠራው ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ፈሰሰና እንደ መስታወት አብረቅርቆ ያዘ። ደካማ ካውያ ለጥንቃቄ ይበጃል ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል፤ ለረጅም ጊዜ መቀቀል ነው መቆጣጠሪያውን ከውስጥ የሚያበላሸው።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ሥራ ግን ኤሌክትሪክ የሌለበት ነው። በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያልፉበት የፕላስቲክ ነት ቦዮቹ ጥልቀት ስላልነበራቸው ክሮቹ ከፍ ብለው ይቀመጡ ነበር፤ በመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ ተሻግረው ከተተከሉት የብረት ዘንጎች በአንደኛው) ላይ ስጫን ክሩ ከሚገባው በላይ ስለሚወጠር ድምፁ ከቅኝቱ ይወጣል። አዲሱን ነት የሠራሁት ከግመል አጥንት ነው። ግመል በሚታረድበት ከተማ አጥንት ማግኘት አያስቸግርም፤ ቅባቱ እስኪወጣ ቀቅዬ፣ ለሳምንታት ጥላ ሥር አድርቄ፣ ጎረቤቴ ወደሆኑት የምድር ባቡር ዎርክሾፕ ጡረተኛ ይዤው ሄድኩ። እሳቸው ሞረዶቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። ወዲያና ወዲህ ስፈገፍግ ካዩኝ በኋላ እጄን ያዙና «አንተ ልጅ፣ ሞረድ የሚበላው ሲገፋ ብቻ ነው፤ ስትመልሰው አንሳው» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ እንዳሉኝ ሳደርግ አጥንቱ እንደ ዱቄት እኩል ይወርድ ጀመር። ድሬዳዋን የቆረቆራት ባቡር እንዲህ ያለ የእጅ ዕውቀት በየሰፈሩ ትቶልናል፤ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግን ሰው ሲታጣ የማንጠይቃቸው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የአጥንት ብናኝ ለሳንባ ስለማይበጅ አፍንጫና አፍን መሸፈን ያስፈልጋል። አጥንት የድምፁን ቃና የሚለውጠው ሳይጫኑ በሚመቱ ክሮች ላይ ብቻ መሆኑንም መደበቅ አልፈልግም፤ ትልቁ ጥቅም ያለው ቦዩ በልኩ መቆረጡ ላይ ነው።

አሁን ወደ ፒካፑ ልምጣ። ከውጭ በመጣ ዘመድ እጅ ነው የደረሰኝ፤ ዋጋውም ጊታሩን ከገዛሁበት ከግማሽ በላይ ነው። ማግኔቶቹ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላላቸው ከተለመደው የፕሪሲዥን ፒካፕ ማግኔት ይወፍራሉ። የእኔ ጊታር ሽፋን ቀዳዳ ከመደበኛው ልክ በትንሹ የጠበበ በመሆኑ ጠርዙን በሞረድ ማስፋት ነበረብኝ፤ ርካሽ ቅጂ ያለው ሰው ከማዘዙ በፊት ቀዳዳውን ይለካ። ገመዱን ማገናኘት ከሩብ ሰዓት በላይ አልወሰደም።

ድምፁ ጠንካራና ፊት ለፊት የሚመጣ ነው። በሠርግ ላይ ኪቦርዱ በግራ እጅ የራሱን ቤዝ ስለሚመታ የእኔ ድምፅ በችክችካው መሐል ተውጦ ይቀር ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ምት መነሻው ይለያል፤ ዳንሰኞቹም እስክስታቸውን ከእኔ ምት ጋር ሲያስኬዱ አያለሁ። ቀጭኑ ክር ከወፍራሙ ጋር ሲነጻጸር በድምፅ አያንስም። በዝግታ በሚሄድ ትዝታ ላይ ግን ይህ ጉልበት ይበዛል፤ እዚያ ላይ ቶኑን ከግማሽ በታች አውርጄ፣ በጥፍር ሳይሆን በጣቴ ሥጋ እመታለሁ። ፒካፑ ወደ ክሮቹ በጣም ሲጠጋ ማግኔቱ ክሩን እየሳበ ቅኝቱን ያዛባል፤ መጀመሪያ ዝቅ አድርጎ መግጠም፣ ከዚያ እየሰሙ ጥቂት በጥቂት ማንሳት ይሻላል።

የአንገቱንም ቅንነት ደጋግሜ እመለከታለሁ። ክሩን በመጀመሪያው ፍሬትና አንገቱ ከገላው በሚጋጠምበት ላይ ስጫነው መሐል ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይኖረዋል፤ በ17ኛው ፍሬት ላይ ደግሞ የወፍራሙን ክር ከፍታ 2.4 ሚሊ ሜትር ላይ አቁሜዋለሁ። ከድሬዳዋ ሙቀት ተነስተን ደንገጎን ወጥተን ሐረር ስንገባ ብርዱ ክሮቹን ስለሚያጠብቅ ቅኝቱ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከመጫወቴ ግማሽ ሰዓት በፊት ጊታሩን ከከረጢቱ አውጥቼ አየሩን እንዲላመድ እተወዋለሁ።

ይህን ፒካፕ በሰፊ አዳራሽ፣ ከከበሮና ከኪቦርድ ጋር ለሚጫወት ሰው ያለማመንታት እመክራለሁ። የጊታሩ ጉርምርምታ ክሩን ሲነኩት ዝም የሚል ከሆነ ግን መዳቡን ያስቀድም፤ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃም ለመዳቡና ለነቱ ያውለው። በትንሽ ክፍል ውስጥ ለስላሳ ዜማ ለሚያጅብ ሰው የቀድሞው ፒካፕ ሊበቃው ይችላል፤ የእኔንም አሮጌ ገመዱን ሳልቆርጥ፣ ብየዳውን አቅልጬ አውጥቼ፣ ከአራቱ ብሎኖቹ ጋር በሳጥን አስቀምጬዋለሁ።