አንበሳውን ያወጣልኝ ብርቱካን የሚሸት ጄል

ጠመንጃው እጄ ሲገባ ጥቁር ነበር። የብረት ጥቁረት አይደለም፣ የቀለም ነው። የሆነ ሰው የሆነ ዘመን በብሩሽ ለቅልቆታል። ሁለት ቦታ ላይ የብሩሹ ፀጉር ከነቀለሙ ደርቆ ቀርቷል።

ቤልጅየም፣ ኤርስታል የተሠራ የኤፍ ኤን ማውዘር ነው፤ ጥይቱ 7.92 ሚሊ ሜትር። አገራችን በንጉሡ ዘመን ካስመጣቻቸው አንዱ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች እዚህ አሜሪካ ሲሸጡ ቆይተዋል፤ ማውዘሩም፣ የጣሊያኑ ካርካኖም። እኔም ቨርጂኒያ ተቀምጬ አንዱን ገዛሁ። አባቴ ጎጃም ቤታችን ግድግዳ ላይ የሰቀለውን ምንሽር እያየሁ ነው ያደግሁት። ሳየው አላስቻለኝም።

እንዲህ ዓይነት ጠመንጃ አናቱ ላይ፣ በርሜሉ ከሚገባበት ቀለበት ላይ፣ የይሁዳ አንበሳ ማኅተም አለው። የእኔ ላይ የሚታየው እብጠት ብቻ ነበር። በጣት ሲዳስሱት የሆነ ነገር አለ፣ ዓይን ግን ምንም አያገኝም።

ብርጭቆ ወረቀት ወይም የሽቦ ብሩሽ እንዳታስቡ። ማኅተሙን ከቀለሙ ጋር ይዞት ይሄዳል። ተከታታይ ቁጥሩም እንደዚያው፤ እዚህ አገር ደግሞ ቁጥሩ የጠፋ መሣሪያ መያዝ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ሌላም ምክንያት አለ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እንኳ የቤት ቀለም ላይ እርሳስ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሲፋቅ አቧራው ሳንባ ይገባል። ስለዚህ በእርጥቡ ማስለቀቅ ነው የሚሻለው።

መጀመሪያ አሴቶን ሞከርኩ። ስፕሬይ ቀለም ቢሆን ኖሮ ባንድ ጊዜ ያወርደው ነበር። ይሄኛው ግን ወፍራም የዘይት ቀለም ነው። ጨርቁን አስነክሬ ሳልጨርስ አሴቶኑ ይተናል። በዚያ ላይ እሳት ይወዳል፤ የቤቴ ምድር ቤት ደግሞ የጋዝ ውኃ ማሞቂያ አለ። ተውኩት።

ከዚያ ነው ሠፈሬ ካለው የግንባታ ዕቃ መደብር ይሄን ብርቱካን የሚሸት የቀለም ማስለቀቂያ ጄል የገዛሁት። አንድ ሊትር የማይሞላ ጣሳ፣ ከ20 ዶላር በታች። የድሮዎቹ ኃይለኛ ማስለቀቂያዎች ሜቲሊን ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ነበረባቸው። ፈጣን ነበሩ፣ ግን የገላ መታጠቢያ ገንዳ ሲያድሱ በእንፋሎቱ የሞቱ ሠራተኞች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ይሄኛው ያ የለበትም።

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ካዝናውን ማየት አይበቃም። መዝጊያውን (ቦልቱን) ወደ ኋላ ስባችሁ ጥይቱ የሚገባበትን ቀዳዳ በዓይንም በጣትም ፈትሹ። ከዚያ እንጨቱን አውልቁ፤ ጄሉ የሰደፉንም ቀለም ያነሳል።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወፈር አድርጌ ቀባሁት። እንዳይደርቅ በምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ሸፈንኩት። ጠዋት ፕላስቲኩን ስገልጥ ቀለሙ የወተት ስልባቦት መስሎ ተሸብሽቧል። በቀጭን እንጨት ስገፋው ተጠቅልሎ መጣ። ከማኅተሙ ላይ ግን በስቴኪኒ ነው ያወጣሁት፣ መስመር በመስመር። መጀመሪያ የፊት እግሩ ታየ። ከዚያ ጎፈሩ። ዘውዱ ጋ ስደርስ እጄን አቆምኩና መነጽሬን ጠረግሁ። ከሥሩ ያለው ብረት ፋብሪካው የሰጠው ሰማያዊ ጥቁር ልባስ ሳይነካ ቁጭ ብሏል። ይሄን ጄል የወደድኩት በዚህ ነው። ቀለሙን ይበላል፣ ልባሱን አይነካም። ኮምጣጤና ዝገት ማስለቀቂያ ግን ልባሱን ያነሱታል፤ አታስጠጓቸው።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። ቀርፋፋ ነው። ብሎኖቹ አካባቢ ሁለተኛ ዙር ፈልጓል። ፕላስቲኩ ያልሸፈነው ጠርዝ ላይ ደርቆ ከቀለሙ ብሶ ተጣበቀ፤ እንደገና ቀብቼ ነው ያላቀቅሁት። የብርቱካኑ ሽታ ደግሞ ያዘናጋል። ኬሚካል ነው። ተራው የኩሽና ጓንት ላዬ ላይ ለሰለሰ፣ ወፍራም የናይትራይል ጓንት ገዛሁ። መስኮትም ክፈቱ።

ጣሳው ላይ በውኃ ማጠብ ይቻላል ይላል። ለብረት አትስሙት። አንዲት ብሎን በውኃ አጥቤ ጨርቅ ላይ ትቻት አደርኩ፤ ጠዋት ቡናማ ዝገት ለብሳ ጠበቀችኝ። ሌላውን ሁሉ በአኳራጅ ነው ያጠብኩት። የተረፈውን በጥርስ ብሩሽ አሸት አሸት አድርጌ፣ ወዲያው የስፌት መኪና ዘይት ቀባሁት። ፍቅፋቂውንና የተነከረውን ጨርቅ ወደ ቆሻሻ ገንዳ አልጣልኩም። ክዳን ባለው ጣሳ አድርጌ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበለው የካውንቲው ጣቢያ ወሰድኩት።

የእንግሊዝ እንፊልድ ጠመንጃ ያላችሁ ግን ቆዩ። ብዙዎቹ ላይ ያለው ጥቁር ቀለም ሰንኮራይት የሚባለው ነው። ሠራዊቱ ራሱ የቀባው ስለሆነ የጠመንጃው ታሪክ ነው፣ መነሳት የለበትም። የእኔን የነካሁት በብሩሽ የተለቀለቀ መሆኑን አይቼ ነው።

ለችኩል ሰው አልመክረውም። ማኅተም፣ ጽሑፍ ወይም ቁጥር ያለው ብረት ለያዘ ግን ከሞከርኳቸው ሁሉ ይሄ ነው የረካሁበት። ለወንድሜ ባሕር ዳር ፎቶውን ላክሁለት። «የአባባም ላይ ነበረ እኮ፣ በመዳበስ ብዛት አልቆ ነው» አለኝ። እኔ አላስታውስም ነበር።

ግማሽ ጣሳ ተርፎኛል። የቀረኝ የካዝናው ክዳን ነው፤ እሱን ቅዳሜ ማታ እቀባዋለሁ።